የበዓል ዶሮን ከወሬ ለመታደግ በግምጃ ቤት ከተማ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የድስታችንን ጠላት መስሚያ ይንሳው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ስታሰማ ግን ከራስህ አትጨምር።

የወፍ ጉንፋን ወሬ በዓል በመጣ ቁጥር ከእንጅባራ ወደ ግምጃ ቤት በአገው ፈረስ እየጋለበ ስለሚገባ፣ ማጣሪያው ግን በእግሩ ስለሚከተል፤

በየካቲት 1998 ዓ.ም. በሽታው ናይጄሪያ መግባቱ በተረጋገጠ ሰሞን፣ ጉራጌ ውስጥ በሚገኝ የመንግሥት የዶሮ እርባታ 6,000 ያህል ዶሮዎች ሞተው አገር ከተሸበረ በኋላ፣ በምርመራ የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ ስለታወቀ፤ ሁዳዴ ገብቶ ማንም ዶሮ በማይቀምስበት ጊዜ እንኳ «እኔ ዶሮ ትቻለሁ» እያለ የሚፎክር ስላልጠፋ፤

የወሬውን ዕዳ የከፈለችው ግን ዶሮዋን ሸጣ ጨውና ዘይት፣ ለልጇም ደብተር የምትገዛ እናት ስለሆነች፤

እኛ የግምጃ ቤት የበዓል ድስት ባለአደራዎች፣ ማንም ሳይሾመን፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ ስለ ገበያ
ማንኛውም ገዢ በእግሯ የተንጠለጠለችን ዶሮ ገልብጦ፣ ላባዋን ገልጦ፣ «እማማ፣ ይቺማ የወፍ ጉንፋን ይዟታል፤ እኔም የምወስዳት ለእርስዎ አዝኜ ነው» እያለ ዋጋዋን በግማሽ ማስቀነስ አይችልም። ታማለች ካለ ትቷት ይሂድ። ታማለች ብሎ ገዝቷት የገባ እንደሆነ፣ ወጡ ሲቀርብ በሚስቱና በእንግዶቹ ፊት ገበያ ላይ የተናገረውን አንድም ሳያስቀር ይደግማል። ይህን እስኪፈጽም ፈረሰኛው ብልት አይወጣለትም፤ ጥር 23 ቀን በአገው ፈረሰኞች በዓል የፈለገውን ያህል ሲጋልብ ቢውል።

አንቀጽ 2፤ ስለ ጎረቤት
«ዘንድሮ በሽታውን ፈርተን ዶሮ አልሠራንም» ያለ ሰው፣ የቁሌቱ ሽታ አጥር ከተሻገረ ምክንያቱ ውድቅ ይሆናል።

አንቀጽ 3፤ ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ትእዛዝ
እ.ኤ.አ. በ2022 በሽታው ኢንዲያና ውስጥ በአንድ የተርኪ እርባታ ከታየ በኋላ፣ በመላ አሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዶሮዎችና ተርኪዎች እንዲወገዱ አድርጓል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ቢሰጉ አንፈርድባቸውም። ሆኖም ከሜሪላንድ በስልክ የሚመጣ «ዶሮ እንዳትነኩ» የሚል ትእዛዝ፣ የበግ መግዣ ሐዋላ ካልተያያዘበት ተፈጻሚ አይሆንም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ማድ ቤት
እዚህ ላይ ፌዙን ገታ እናደርጋለን። ቫይረሱ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ሙቀት ይሞታል፤ ለሰዓታት የሚንተከተክን ዶሮ ወጥ አይቋቋምም። አደጋው ከድስቱ በፊት ነው፦ ዶሮው ሲታረድ፣ ላባው ሲነጭ፣ ብልቱ ሲወጣ። ሎሚና ጨው ሽታ ያጠፋሉ እንጂ ለባለሙያዋ እጅ የሳሙና ምትክ አይሆኑም። ስለዚህ 12ቱ ብልት መሟላቱን የሚቆጥር አባወራ ሁሉ ሳሙናና የሞቀ ውሃ ይዞ እንዲቆም ታዟል፤ መቁጠር ብቻውን ሥራ አይደለም። ልጆችም በላባው አይጫወቱም።

አንቀጽ 5፤ ስለ ሞተ ዶሮ
ሳይታረድ የሞተ ዶሮ አይበላም፣ አይሸጥም፣ ለውሻ አይጣልም፣ ወንዝ ውስጥም አይወረወርም። ይቀበራል፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያም ይነገራል። ልትሞት ስታጣጥር ቢላ የደረሰባትም እንደ ታረደች አትቆጠርም።

አንቀጽ 6፤ ስለ እውነተኛው ጠላት
በየዓመቱ ቆጡን ባዶ የሚያስቀረው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ክትባት አለው። ነገር ግን ሬዲዮ ስለማይጮህለት ማንም አይሸበርለትም፤ ዶሮዎቹ ካለቁ በኋላ ግን «የወፍ ጉንፋን ነው» ተብሎ ወሬው እንደገና ይጋልባል። ከእንግዲህ ስለ ወፍ ጉንፋን ለማውራት የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የራሱን ዶሮዎች ለፈንግል ማስከተቡን ያሳያል።

ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ክትባቱን ግን በዓሉ ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ በዋዜማው የተከተበች ዶሮ በሽታ መከላከል ሳትጀምር ድስት ትገባለች።