«ለጓደኛዬ ነው»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው በደዶ በኩል አላለፈም። በእኛ በኩል በሽታውን የደበቀ ሰው መድኃኒት ይትረፈረፍለታል። በተለይ ሕመሙ መቀመጫው ላይ ከሆነ።

ምልክቱ ገና ሚኒባሱ ላይ ይታያል። ከደዶዋ ከተማ ከሼኪ ወደ ጅማ በሚሄደው መኪና ውስጥ በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀምጦ፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር «ያ ረቢ!» የሚል ሰው ካያችሁ ለገበያ የወጣ አይምሰላችሁ። መድኃኒት ቤት ሼኪም አለ። ችግሩ፣ እዚያ የምትሸጠው የአጎቱ ልጅ ሚስት ናት። ስለዚህ ጅማ ድረስ ይሄዳል። መድኃኒት ቤት ገብቶም ሴቶቹ ደንበኞች እስኪወጡ ድረስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የወባ ማስታወቂያ ያነብባል። ጨርሶ እንደገና ይጀምረዋል። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ይልና፣

«ለጓደኛዬ ነው» ይላል በሹክሹክታ።

«ጓደኛዎ ምን ሆኑ?»

«ኪንታሮት ሳይሆን አይቀርም።»

«ከጀመራቸው ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«ወር አለፈኝ።»

ባለሙያው እንዳልሰማ ያልፈዋል። ትምህርት ቤት የማያስተምሩት ሙያ ይኼ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ዓይን አፋር ቢሆን ነው ብላችሁ እንዳታዝኑለት። ትናንት ከሰዓት በርጫ ላይ ጉዳዩን ለስምንት ሰው ዘርዝሯል። ምርቃና ሲመጣ ምስጢር ይወጣል፤ ሁሉም ሐኪም ይሆናል። አንዱ ማር ቀባበት አለው። ሌላው ለጋ ቅቤ አዘዘለት። ሦስተኛው የዓይን ቅባቷን፣ ያቺን ከሕፃን ዓይን እስከ በሬ ቁስል የማትገባበት የሌላትን ቴትራሳይክሊን፣ ከቤቱ አስመጣለት። አራተኛው ሚስቱ ለማድያት የገዛችውን ክሬም ሊያካፍለው ቃል ገባ። አምስተኛው ከመብራት ምሰሶ ላይ የገለበጠውን የባህል ሐኪም ስልክ ቁጥር ሰጠው። የባህል ሐኪሙ ዱቄት ከምን እንደተሠራ ሲጠየቅ ግን የቤተሰብ ምስጢር ነው ተባለ። የሰውየው ምስጢር ለስምንት ሰው ሲበተን የዱቄቱ ምስጢር ግን ተጠብቆ ቀረ። ዱቄቱ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው መውጫውን ያጠብባል።

የሚገርመው፣ ምክክሩ የተደረገበት ቦታ ራሱ የበሽታው ማሳ መሆኑ ነው። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ምሳውን ዘልሎ እስከ ማታ የቃመ ሰው ማግስቱን ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። የደረቀው ሰገራ ሲወጣ የፊንጢጣውን ቆዳ ይሰነጥቃል። ይኼ ስንጥቅ ኪንታሮት አይደለም። ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይደማል። ስንጥቁ ግን እንደ ብርጭቆ ስባሪ ይቆርጣል፤ ሰውየው ከተነሣ በኋላም ለሰዓታት ያቃጥለዋል። ሕመሙን ፈርቶ መጸዳጃ ቤት መሄዱን ሲያዘገይ ሰገራው የባሰ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ስንጥቁን እንደገና ይከፍተዋል። ውስጠኛው ጡንቻ በሕመሙ ተኮማትሮ ደም አላሳልፍ ይላል። ደም ያላገኘ ቁስል ደግሞ ማርም ቅቤም ቢቀቡት አይጠግግም።

አዲስ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክሬም ይድናል፤ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ አሰር ያለው ምግብ መብላትና ለብ ያለ ውሃ ላይ መቀመጥ ይበቃዋል። አሰር ደግሞ ለደዶ ሰው ከከተማ የሚሸመት ነገር አይደለም። ገብሱም ባቄላውም ጓሮው አለ። እሱ ግን ገብሱን ጅማ ወስዶ ይሸጥና በገንዘቡ ክሬም ይዞ ይመለሳል።

ከስድስት ሳምንት ያለፈ ስንጥቅ ሲሆን እውነትም ክሬም ይታዘዛል። ከሚታዘዙት አንዱ ናይትሮግሊሰሪን ነው። ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮ እ.ኤ.አ. በ1847 ሠራው፤ በምላሱ ቢሞክረው ራሱን ክፉኛ አመመው። አልፍሬድ ኖቤል በ1867 ከዚሁ ነገር ድማሚት አወጣ። በስተርጅና ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ያዘዙለት ይኸው ናይትሮግሊሰሪን ስለነበር ራሱ ኖቤል በነገሩ ተገርሟል። ናይትሮግሊሰሪን የደም ሥር ይከፍታል፣ የተኮማተረ ጡንቻም ያላላል። ቅባቱ ውስጥ ያለው ከመቶ ከ0.2 እስከ 0.4 ብቻ ነውና አይፈነዳም። የሶብሬሮ ራስ ምታት ግን አብሮት መጥቷል።

ስለዚህ ይኼ እንደ ቫዝሊን በእፍኝ የሚለቀለቅ አይደለም። የአተር ፍሬ የምታህል፣ በጓንት ወይም በጣት መሸፈኛ፣ ዳር ዳሩንና ትንሽ ገባ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ ሐኪሙ በወሰነው መጠን ትቀባለች። ከዚያም እጅን መታጠብ፣ ቀስ ብሎ መነሣት። ሕክምናው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። የእኛ ሰው ግን በአምስተኛው ቀን ሲሻለው ቱቦውን ለሚቀጥለው ታማሚ ያወርሳል። ራስ ምታቱ ካስቸገረ ዲልቲያዜም የሚባል ሌላ ቅባት አለ፤ ራስን እምብዛም አያሳምምም። የማድያቷ ክሬም ግን ስቴሮይድ ያለባት ከሆነች፣ ሲቀቧት ስትውል ቆዳውን አሳስታ ለሌላ ስንጥቅ ታዘጋጃለች። ቴትራሳይክሊኗም ለዓይን ትሁን፤ ጡንቻ አታላላም።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ይነገር። ናይትሮግሊሰሪን የሚቀባ ሰው ቪያግራና መሰሎቹን መዋጥ የለበትም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊት ወርዶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ችግሩ፣ ቪያግራውም የሚገዛው «ለጓደኛዬ ነው» ተብሎ ነው። ያ ጓደኛ በአንዱ መድኃኒት ቤት አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ሲገዛ የሚያስጠነቅቀው አያገኝም።

ክሬም ሁሉ የማይመልሰውም አለ። ደሙ ከበዛ ወይም ከጠቆረ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ስንጥቁ ከመሐል ይልቅ ወደ ጎን ከሆነ፣ ነገሩ ቲቢም፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በቅባት ላልዳነ ስንጥቅም ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ። ጅማ ላይ ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ሆስፒታል አለው፤ የእኛ ሰው ሚኒባስ በየጊዜው ወደዚያው ከተማ ይሄዳል። ሐኪሙ አይቶ ለመለየት የሚፈጅበት ጊዜ የወባውን ማስታወቂያ አንድ ጊዜ ለማንበብ ከሚፈጀው አይበልጥም።

«ማን ያየኛል?» ይላል የእኛ ሰው። በርጫ ላይ ከነገራቸው ስምንት ሰዎች ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ የማለ አንድም የለም። የማለው ሐኪሙ ነው። ሳይነገረው የቀረውም እሱ ብቻ ነው።