ስልኩ ያንተ፣ ፓስወርዱ የልጁ

«ኢሜይልህን ንገረኝ» ቢሉት «ቆይ፣ ለሞባይል ቤቱ ልጅ ደውዬ ልጠይቀው» አለ አሉ። «ፓስወርድህስ?» «እሱንም የሚያውቀው እሱ ነው።» «ታዲያ አንተ ምን ታውቃለህ?» «ቻርጀሩ የሚሰካበትን!»

አትሳቅ፣ አንተም ያው ነህ። ስልኩን የገዛህ ቀን ልጁ «ኢሜይል ላውጣልህ?» አለህ፤ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው አፍህን ከፍተህ ጠበቅከው። የትውልድ ቀን ሲጠየቅ አንተን ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ ጃንዋሪ 1 ብሎ ሞላ። የዚያ ሱቅ ደንበኛ ሁሉ በአንድ ሌሊት የተወለደ ነው፤ አዋላጁም ልጁ ነው። ፓስወርዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠህ። ወረቀቱ ሱሪህ ኪስ ውስጥ ታጠበ፤ አካውንትህም ነጽቶ ወጣ!

ይህ እንኳን ደህናው ነው። ልጁ ወረፋ በዝቶበት ከቸኮለ አዲስ አያወጣም፤ ትናንት ለሌላ ደንበኛ ያወጣውን ያንተም ስልክ ላይ ያስገባዋል። አንድ አካውንት ሁለት ስልክ ላይ ገብቶ ሲንክ ከተከፈተ ደግሞ የሁለቱ የስልክ ቁጥሮች ይደባለቃሉ። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ «ሸዋዬ እንጀራ»፣ «ግርማ ቧንቧ»፣ «አታንሳ 1»፣ «አታንሳ 2» ተሰልፈው ታገኛለህ። አንተ ያለብህ የአንድ ሰው ብድር ነበር፤ ሁለተኛው አበዳሪ ከዚያኛው ደንበኛ የመጣ ነው። እዳ በውርስ ሲተላለፍ ታውቃለህ፤ በዋይፋይ ሲተላለፍ ያየኸው ግን ይኸው አሁን ነው። ሁለት «ውዴ» ጎን ለጎን ሲያይ ደግሞ ስልኩ «ተመሳሳይ ናቸው፣ ይዋሃዱ?» ብሎ ይጠይቅሃል። እሺ ካልክ የሽማግሌ ወጪ በራስህ ነው።

«እኔ አይፎን ነው የምይዘው፤ አክስቴ ከአሜሪካ ልካልኝ» የምትለው ደግሞ ና ወዲህ። አክስትህ ከአካውንቷ ሳትወጣ ነው የላከችልህ። ቅዳሜ ማታ የተነሳኸው ፎቶ አንተ ቤትህ ሳትደርስ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስትህ ቤት ደርሷል። እሁድ ትደውላለች።

«የኔ ልጅ፣ ጾሙን እንዴት ያዝከው?»

«ደህና ነው አክስቴ፣ ምስር በምስር ሆነናል።»

«ትናንት የበላኸው ክትፎስ?»

«የእንጉዳይ ነው አክስቴ!»

«አይቡም ከእንጉዳዩ ታልቦ ነው?»

ፎርማት አድርጌ አመልጣለሁ ካልክም በሩ ተዘግቷል። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «ፋይንድ ማይ አይፎን» የተከፈተበትን ስልክ ብታጸዳውም የአክስትህን አካውንትና ፓስወርድ ካልሰጠኸው አያስገባህም። ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድሮይድ 5.1 ተመሳሳይ ቁልፍ አመጣ፤ በግድ ፎርማት የተደረገ ስልክ መጀመሪያ የቀድሞውን ኢሜይል ይጠይቃል። ለሌባ የተሠራ ነበር። እኛ ጋ ግን የተያዘው ሌባው ሳይሆን የገዛ ስልኩን ይዞ ሞባይል ቤት ለሞባይል ቤት የሚንከራተተው ባለቤቱ ነው።

«ስልኬ ሞላ ይለኛል» ለሚለውም መልስ አለኝ። የሞላው ስልክህ ላይሆን ይችላል፤ ጎግል በነፃ የሰጠህ 15 ጊጋባይት ነው። ፎቶው፣ ኢሜይሉ፣ ድራይቩ፣ የአንድሮይድ ዋትስአፕህ ባክአፕ ሳይቀር አንድ መሶብ ላይ ናቸው። ያለ ገደብ ፎቶ በነፃ ማከማቸት የቀረው እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ነው፤ አንተ ግን አዋጁን ሳትሰማ «መልካም ማክሰኞ» የሚል ጽጌረዳ ትሰበስባለህ። «ይህን ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ» የሚለውንም አስቀምጠሃል፤ ለአስሩም አስተላልፈህ ማለት ነው። ኮታው ሲሞላ የሚመጣልህ ኢሜይል ወደ ላኪው ይመለሳል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የጠሩህ ሰዎች ደብዳቤ በር ላይ ተከልክሎ ሲመለስ የማክሰኞዋ ጽጌረዳ ሳሎን ተቀምጣለች! ከዚያ «በአገሩ ሥራ የለም» ትለናለህ።

ቦታ ላስለቅቅ ብለህ ደግሞ የሠርግህን ፎቶ «ከስልኬ ላይ ብቻ» ብለህ ታጠፋለህ። ሲንክ የሆነ ነገር «ብቻ» የሚባል አያውቅም፤ ጎግል ፎቶስ ውስጥ ገብተህ ከዚህ ስትሰርዘው ከዚያም ይሄዳል። ጎግል ፎቶስ ባክአፕ የሆነውን በቆሻሻ መጣያው 60 ቀን ያቆይልሃል። ሚስትህ አልበሙን ለመጠየቅ ስንት ቀን እንደምትቆይ አንተ ታውቃለህ።

ከሁሉ የሚብሰው ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ነው። ዩቲዩቡን በስልክህ አካውንት ከፍተኸዋል። በዓል ነው፣ አማቶችህ ተቀምጠዋል፣ ዶሮው ወጥቷል። ልጅህ መዝሙር ልክፈት ብሎ ሪሞቱን ሲጫን ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ያየኸው ሁሉ በ55 ኢንች ይሰለፋል፦ «ራሰ በራነትን በ7 ቀን»፣ «በሽንኩርት ጭማቂ ፀጉር ማብቀል»። አማትህ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና «ሽንኩርቱ እዚህ ቤት የሚያልቀው ለወጥ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

«እኔ እንኳን የምደብቀው ነገር የለኝም» አልክ? የምትደብቀውማ የለህም፤ ካንተ የተደበቀ ግን አለ፣ ፓስወርድህ!

በል አሁን ተረቡን ተወውና ሴቲንግ ግባ። «ጎግል» የሚለውን ንካና አካውንትህ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር ተመልከት። የማታውቀው ካለ አስወጣው፣ ፓስወርዱን ራስህ ቀይር፣ መልሶ ማግኛው ላይ የራስህን ሲም ቁጥር አስገባ። አካውንቱ የጋራ ሆኖ ካገኘኸው አትከራከር፤ ቁጥሮችህን ወደ ሲምህ ገልብጥና የራስህን አዲስ አውጣ። አይፎን ያለህ ደግሞ ለአክስትህ ደውል፤ እሷ እዚያው ሆና ስልኩን ከአካውንቷ ማስወጣት ትችላለች። ስለ ክትፎው ግን ይቅርታውን አስቀድም።