ሕፃን የሚያስለቅስ ልብስ አሰፋፍ

እህቴ፣ ጫጫ ላይ ዘመድሽ ልትወልድ ነው፤ አንቺም ልብስ ሰፍተሽ አራስ ልትጠይቂ አስበሻል። ሕፃኑን የሚያበርድ፣ የሚቧጭርና ትንፋሹን የሚያሳጥር ልብስ መስፋት ከተፈለገ ዘዴው ብዙ ነው፤ የማውቀውን ሁሉ እነግርሻለሁ። አንዱንም እንዳትፈጽሚው ስለምፈልግ ምን እንደሚያስከትል አብሬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ አገሩን እርሺው። ጫጫ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይወርድና ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ይህን ከረሳሽ በኋላ ለፎቶ የሚያምረውን፣ የሚያብረቀርቀውን ሳቲን ግዢ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ላብ አይመጥም፣ ከእሳት ከተጠጋም ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አራስ ቤት ደግሞ ከሰል አይጠፋም። ልብሱ በቂ ሙቀት ቢሰጥ ኖሮ ከሰሉን ማውጣት በተቻለ ነበር፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ በሌለው ጋዝ እናትና ልጅን ባንድ ሌሊት ይገድላል።

ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠውን አሮጌ ጋቢም አትንኪው። ጋቢ አራት ድርብ ፈትል ነው፤ በድርቦቹ መካከል የሚታገተው አየር ሙቀቱን ይይዛል፤ ሲታጠብ ሲታጠብ ስለኖረም ለስልሷል። ያልሳሳውን ክፍል መርጦ 80 በ80 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ፣ ዳሩን ሁለቴ አጥፎ መስፋት፤ በቃ፣ የሕፃን መጠቅለያ ሆነ። መርፌ መያዝ የጀመረች ልጅ እንኳ ባንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. እዚሁ አጠገብ አንጎለላ ሲወለዱ የሲንጀር ስፌት መኪና ገና አልተፈጠረም ነበር፤ የዚህ አገር ልጅ በእጅ ፈትልና በእጅ ስፌት ብርዱን ሲያልፍ ኖሯል። ሙቀት ነው ብለሽ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ያለ ገበር ቆዳው ላይ ብታደርጊለት ግን ገላውን ሁሉ ታቀዪዋለሽ። ባና ከላይ ለሚደረብ ነው።

አዲሱን አቡጀዲ ሳታጥቢ ቁረጪ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ሙጫውም እስኪለቅ ድረስ ይቆረቁራል። የክርስትና ልብሱንም ልክ ከተወለደበት ቀን ውሰጂ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው። ሲወለዱ ቁመታቸው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዱ እስከ 40ኛው ቀን 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ እስከ 80ኛው ቀን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጨምራሉ። በተወለደችበት ቀን ልክ የተሰፋ ቀሚስ በክርስትናዋ ዕለት ብብቷን ይቆርጣታል። ለወንድና ለሴት አንድ ዓይነት ቅድ ያወጣች ሰፊ የረሳችው ይህን ነው።

አንገቱን ጠባብ አድርጊው። አዲስ የተወለደ ልጅ የራስ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከደረቱ ይሰፋል። አንገቱ የማይከፈት ልብስ በራሱ ላይ እየተጎተተ ሲገባ ልጁ ትንፋሽ አጥቶ ይጮኻል፤ የእናቱም እጅ ይንቀጠቀጣል። ከፊት ተደራርቦ ጎን ላይ በአጭር ማሰሪያ የሚያዝ ሸሚዝ ይህ ሁሉ የለበትም፤ ልጁ እንደተኛ ይለብሰዋል። ለቆቡ ደግሞ አገጭ ሥር የሚታሰር ረጅም ክር ጨምሪለት፤ ሌሊት አንገቱ ላይ የሚጠመጠመው እሱ ነው። ከአሮጌ ካናቴራ የሚቆረጥ፣ ያለ ማሰሪያ የሚለጠጥ ቆብ ይበቃዋል። ቦጎታ ላይ በ1978 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ወደ አገራችን ሆስፒታሎችም የገባው፣ ሳይደርስ የተወለደን ልጅ ደረት ለደረት አቅፎ የማሞቅ ክብካቤ ለልጁ የሚያለብሰው ቆብና የሽንት ጨርቅ ነው፤ ቀሪው ሙቀት የእናት ገላ ነው።

የእጅ ጓንቱን በተለይ ልብ በይ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ እዚህ ላይ ነው። ጥፍሩ ፊቱን እንዳይቧጭር ተብሎ ትንሽ ከረጢት ይሰፋለታል። መጉዳት ከተፈለገ የውስጡን ጠርዝ ሳይዘመዝሙ መተው ነው። የተረተረ ክር ጣቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ልጁ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ይጠብቃል፤ ደም መተላለፍ ያቆማል። ጓንቱ ጣቱን ስለሚሸፍን ማንም አያየውም፤ ልጁ ያለቅሳል፣ ሆዱን ነው ይባላል፣ ጡት ይሰጠዋል። ሲወለቅ ጣቱ ጠቁሮ ይገኛል፤ ጣት የታጣበትም ጊዜ አለ። ጓንትም ካልሲም ከሰፋሽ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ የሚላላ ክር ሁሉ ይቆረጥ፤ በየቀኑም ተገልብጦ ይታይ። ከሁሉ የሚሻለው ጥፍሩን ከርክሞ ጓንቱን መተው ነው። እጁ ቀዘቀዘ ብለሽ አትደንግጪ፤ መብረዱም መሞቁም የሚታወቀው ማጅራቱን ወይም ደረቱን በመዳሰስ ነው።

መጠቅለያው ላይ ማሰሪያ ሰፍተሽ እግሮቹን አጥብቀሽ ዘርግተሽ እሰሪያቸው። ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ነው ይላሉ፤ እውነቱ ግን የዳሌው አጥንት ገና ለስላሳ ስለሆነ ተዘርግቶ ሲታሰር ከመገጣጠሚያው የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ዛጎል በተደረደረበት አንቀልባ የሚታዘል ልጅ ጉልበቱ ታጥፎ፣ እግሩ የእናቱን ጀርባ አቅፎ ስለሚከፈት ለዳሌው ይስማማዋል። ስለዚህ ጠቅልሊው፤ ከወገቡ በታች ግን እንደ ልቡ ይወራጭ።

ደረቱ ላይ ዶቃና ቁልፍ ደርድሪለት፤ ባንድ ክር ብቻ አያይዣቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ሲከት ጉሮሮው ላይ ይቀራሉ። በጥጥ የተሞላ ትንሽ ትራስም ስፊለት፤ ፊቱ ሲሰምጥበት አንገቱን ማዞር የማይችል ልጅ ይታፈናል። እስከ አንድ ዓመቱ ትራስ አያሻውም።

የሽንት ጨርቅ ግን ከነጭራሹ አትስፊ። እንግዳ አያየውም፣ ጥለት የለውም፣ ማንም አያመሰግንሽበትም። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ጤነኛ ልጅ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ያረጥባል፤ ጫጫ ላይ በክረምት የታጠበ ጨርቅ ለመድረቅ ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ለክረምት ልጅ ከ20 በላይ ያስፈልገዋል፤ ጥቂት ብቻ ያላት አራስ እርጥቡን መልሳ ታስራለች ወይም ጢስ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ልጁ ጭኑ ይላጣል። ያረጀ ነጠላ ታጥቦ፣ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ዳሩ ተዘምዝሞ ሲደራረብ ውኃ በደንብ ይመጥጣል። ለአራሷ የምትወስጂውን ስትቆርጪ ከዚህ ጀምሪ፤ ጨርቅ ከተረፈሽ ሸሚዙን ትቀጥያለሽ፤ ካልተረፈሽም የሽንት ጨርቆቹን ብቻ ይዘሽ ሂጂ።