ተከሳሹ ካርቡሬተር

መርሳ ከተማ ላይ አንዲት ባጃጅ ቆማ አልነሣ ካለች ጥፋተኛው አስቀድሞ ይታወቃል። ታንከሯ ውስጥ ቤንዚን ይኑር አይኑር የሚያይ የለም። ካንዴላዋን ፈትቶ የሚያሸትም አይገኝም። አላፊ አግዳሚው፣ ማንጎ ሊገዛ የወጣው፣ ከወልድያ ሚኒባስ ላይ የወረደው መንገደኛ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ያያትና «ካርቡሬተሯ ነው!» ብሎ ፈርዶ መንገዱን ይቀጥላል። ይግባኝ የለም።

ቅጣቱም ሁሌ አንድ ነው፤ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። አዲሱ ውድ ስለሆነ ሌላ ማለት የሌላ ሰው ማለት ነው። ሹፌሩ ወደ ጓደኛው ጠጋ ይልና «ወንድም ዓለም፣ እስቲ ያንተን ልሞክረው» ይላል። ጓደኛውም የራሱን ሲጠረጥር የከረመ ነውና ሳያንገራግር ይስማማል። አንዱ «ወላሂ፣ አንዳች እንከን የለውም» ሲል ሌላው «ማርያምን! የኔም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ይላል። በሁለቱ መሐላ መካከል ሁለቱም እፎይ ይላሉ፤ እያንዳንዱ ችግሩን ለሌላው እንዳሻገረ ያምናላ! ብዙም ሳይቆይ የተሻገረው ለሦስተኛ ሰው ይሻገራል፣ ሦስተኛውም ለአራተኛ። ያ ምስኪን ካርቡሬተር ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያሉትን ባጃጆች ሲያገለግል ከርሞ መጀመሪያ ወደተፈታባት ባጃጅ ሲመለስ ባለቤቱ አያውቀውም። አገላብጦ ያየውና «ይኼማ የድሮ ሥራ ነው፣ አሁን እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል!» ብሎ ገንዘብ ጨምሮ ይገዛዋል።

እንግዲህ ይህ ተከሳሽ ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ ቤንዚንን ከአየር ማዋሐድ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ነድዶ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ጠባቧ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ከታች ካለችው ሳሕን በቀጭን ቀዳዳ እየተሳበ ይረጫል። የቀዳዳዋን ስፋት የምትወስነው ጄት የሚሏት ትንሽ ነሐስ ናት። ቁጥር ተቀርጾባታል፤ በአንዳንድ ፋብሪካዎች አሠራር 100 ማለት አንድ ሚሊሜትር ስፋት ማለት ነው፣ 105 ደግሞ ከዚያ በሚሊሜትር መቶኛ አምስት የሰፋች። በዚህች የፀጉር ውፍረት በማታህል ልዩነት ላይ መሐንዲሶች ላቦራቶሪ ገብተው ይከራከራሉ። የእኛ ሰው ግን መርፌ ይዞ ይመጣል። «ትንሽ ሰፋ ብትል ጉልበት ትጨምራለች» ይልና ይሞረሙራታል። ጉልበቱ አይጨምርም። ጭሱ ግን ይጨምራል፤ ባለቤቱም ጭሱን አይቶ «አየህ፣ ሞተሩ መሥራት ጀመረ» ይላል።

ለፍትሕ ሲባል፣ ካርቡሬተሩ አንዳንዴ በእርግጥ ጥፋት አለበት። ከአፋር ቆላ፣ ከሎጊያና ከሰመራ ወገን ተገዝታ የመጣች ባጃጅን እንይ። ሰመራ ከባሕር ጠለል በላይ 400 ሜትር ያህል ነው፤ መርሳ 1600 ገደማ። እዚህ ያለው አየር ከዚያኛው ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ መርሳ መግባቱን ማን ነግሮት! እዚያ በለመደው ልክ ቤንዚን ይቀዳል፣ አየሩ አይበቃውም፣ ካንዴላዋ ጥላሸት ትለብሳለች፤ ወደ ስሪንቃ የሚወስደው ዐቀበት ላይማ ሳል ይይዛታል። መድኃኒቱ ጄቷን በአንድ ሁለት ቁጥር ማጥበብ ነው፤ ኪስ የማይጎዳ፣ ካቻቢቴ ለያዘ ሰው የቡና ሰዓት የማይፈጅ ሥራ። ነገር ግን ይህን ያህል ቀላል መድኃኒት ማን ያምናል? መካኒኩ ጄቷን ብቻ ቀይሮ «በቃ፣ ሂድ» ቢለው ባለባጃጁ የተታለለ ይመስለዋል። ሙሉው ተፈትቶ፣ በቤንዚን ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው ነፍቶበት ሲያይ ነው አንጀቱ ቀዝቀዝ የሚለው።

ካርቡሬተሩ ይህን ሁሉ መከራ የሚያየው ውጭ ስላለና በሁለት ብሎን ስለሚፈታ ይመስለኛል። የፒስተን ፋሻ አልቋል ማለት ሞተር ይውረድ ማለት ነው። ሞተር ይውረድ ማለት ደግሞ ባጃጇ ትቁም፣ የዕለት ገቢ ይቅር፣ የዕቁቡም ዙር ይጠብቅ ማለት ነው። ይህን መስማት የሚፈልግ የለም፤ መካኒኩም ደንበኛው ፊት መናገር አይደፍርም። ስለዚህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ተስማምተው ያንኑ ብሎን ይፈታሉ።

ፋሻውን ማን ጨረሰው ቢባል መልሱ አሳፋሪ ነው። ሹፌሩ ራሱ «ሞተሩ አየር ያግኝ» ብሎ የአየር ማጣሪያውን አውልቆ ጥሎታል። ማጣሪያ የሌላት ባጃጅ ድምጿ ወፈር ይላል፤ ወጣቱ ይህን ድምፅ ከጉልበት ይቆጥረዋል። ከዚያ በበጋ ወደ ግራና የሚወስደው መንገድ አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አቧራ ማለት ደቃቅ አሸዋ ነው፤ ፋሻውንም ግድግዳውንም ይፍቃል። ውሎ አድሮ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ሞተሩ ዘይት እየጠጣ ነው። ፍርዱን ታውቁታላችሁ፤ ካርቡሬተሯ ነው።

ገጠሩም ከከተማው አይሻልም። ሀብሩ ወረዳ ላይ ሽንኩርት የሚያለማው ገበሬ የቤንዚን ፓምፕ አለው፤ ፓምፑም እንደ ባጃጇ ካርቡሬተር አለው። ክረምት ሲገባ ፓምፑ ከነቤንዚኑ ጓዳ ይጣላል። ቤንዚን ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ቀለል ያለው ክፍሉ ይተንናል፣ የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ ጄቷን ይደፍናታል። ኅዳር ላይ ገመዱ ይሳባል፣ ይሳባል፣ ትከሻ ይወልቃል፤ ፓምፑ ዝም። ገበሬው የጎረቤቱን ካርቡሬተር ይዋሳል። ያም ጓዳ የከረመ ነው። በሁለቱ መካከል ሽንኩርቱ ይጠወልጋል። ከክረምት በፊት ሳሕኗን አፍስሶ ባዶ ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር፤ ግን ውኃ ከሰማይ በሚወርድበት ወር ስለ ፓምፕ ማን ያስባል?

ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል። ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር ይሸጣል፤ ከየት ተቀዳ፣ ምን ተቀላቀለበት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሽታው ላምባ ላምባ ይላል። ቀለሙን ፀሐይ ላይ አንሥቶ ያየው ሁሉ «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ላምባም ንጹሕ ነዋ! ባጃጇ ሁለት መቶ ሜትር ሄዳ ስትንገጫገጭ የሻጩ ስም አይነሣም።

የሩቁን አገር ሰው ሳየው ግን ልቤ ለመርሳ ልጅ ይራራል። እነሱ ሐይቅ ላይ የሚጋልቡት የውኃ ሞተር ሳይክል አላቸው፤ ካዋሳኪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር «ጄት ስኪ» ብሎ ያወጣው ዓይነት። የድሮዎቹን ባለ ሁለት ምት ሞተሮች የያዙ ሰዎች ሥራ ምን መሰላችሁ? አንድ ካርቡሬተር ያለው ነቅሎ ሁለት ይገጥማል፤ ሁለት ያለው ሁለቱን እኩል ማስተንፈስ አቅቶት ነቅሎ አንድ ትልቅ ይገጥማል። ሚኩኒ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የሠራላቸው ካርቡሬተር ሳሕን እንኳ የለውም፤ ሞተሩ ማዕበል ላይ ቢገለበጥም ቤንዚኑ እንዳይደፋ በስስ ሽፋን እንዲሠራ ተደርጓል። ያን ያህል የተራቀቀውን ዕቃ እሑድ እሑድ እየፈቱ ይለዋወጡታል፣ ለመዝናናት! የእኛው ቢያንስ እንጀራ ፍለጋ ነው የሚፈታው። የሐይቅ ከተማ ውኃ ከመርሳ ሩቅ አለመሆኑን ሳስብ፣ ይህ መጫወቻ እስካሁን ዝር አለማለቱ እዚያው ላሉት የእስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳት ትልቅ ጸጋ ነው እላለሁ።

አሁን ደግሞ ጊዜው በካርቡሬተር ላይ የተነሣ ይመስላል። ሕንድ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ በሥራ ላይ ባዋለችው የጭስ ደንብ ምክንያት ለራሷ ገበያ የሚሠሩት ባጃጆች ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩ ሆነዋል። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ ወሬው ሁሉ ባትሪ ሆነ። አንዲት የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግር ከተማ ስትገባ የድሮ ሹፌሮች ከበው ሲመረምሯት አየሁ። አንዱ ከሥሯ ተንጋሎ ገባ። ብዙ ቆይቶ አቧራውን እያራገፈ ወጣና ባለቤቱን በትዝብት አየው።

«ካርቡሬተሯ የታለ?»

«የላትም።»

«አይ እቴ! ታዲያ ስትቆም ምኗን ልትለውጥ ነው?»