ድርሳነ ቀንበር፦ የመጠባበቂያ ቅጂና የፕሮሰሰር ፈቃድ በጎጃም ሚዛን

መቅድም። የኮምፒውተር ሊቃውንት ስለ መረጃ አጠባበቅ ብዙ ደክመዋል፤ ዳሩ ግን አንዳቸውም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲጓዙ ግራ ቀኙን አላስተዋሉም። አስተውለው ቢሆን ጎተራውንና ቀንበሩን አይተው ብዕራቸውን ባስቀመጡ ነበር። ጉድለቱን የመሙላት ዕዳ በእኛ ትከሻ ወድቋል።

ምዕራፍ አንድ፦ ስለ ጎተራ። የዘርፉ ሕግ «3-2-1» ይባላል፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከግቢ ውጭ። ገበሬው ከደጁ በእበት የተለሰነ ጎተራ አለው፤ ከምድጃው በላይ ጭስ ያጠቆረው የበቆሎ ራስ ተንጠልጥሏል፤ ማዶ ቀበሌ አማቹ ዘንድ አንድ ቁና ዘር አኑሯል። ነቀዝ (በከተማ ቋንቋ ራንሰምዌር) ጎተራውን ቢፈጅ ጭስ የጠገበው ይተርፋል፤ ቤቱ ቢቃጠል የአማች ይተርፋል። ሰኔ ላይ ያልበቀለ ዘር ዘር አይባልም፤ ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂም እንዲሁ።

ምዕራፍ ሁለት፦ ስለ በሬ ቆጠራ። ፕሮሰሰር የሚሰካበት ሶኬት ቀንበር ነው፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚጎትተው ኮር በሬ። ብዙ የሶፍትዌር ሻጭ የፈቃድ ዋጋ ቀንበር ቆጥሮ ሲያስከፍል፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢንቴልና ኤኤምዲ በአንዱ ቀንበር ሁለት፣ አራት፣ ስምንት በሬ ይጠምዱ ጀመር። ማይክሮሶፍት በኤስኪውኤል ሰርቨር 2012 ወደ በሬ ቆጠራ ዞረ፤ ሁለት በሬ ብቻ ያለውም ለአንድ ቀንበር ቢያንስ የ4 ይክፈል አለ። ኦራክል የኢንቴልን ኮር በ0.5 አባዛ፤ ሁለት በሬ እንደ አንድ ይቆጠር ማለቱ ነው። እነሆ ጥማድ ባሕር ማዶ እንደ አዲስ ተፈለሰፈ! ጎጃሜ ግን መሬቱን ሳይቀር ጥንድ በሬ በቀን በሚያርሰው ሲለካ ኖሯል። የመጠባበቂያ ቅጂ ሶፍትዌር የሚሸጠው ቪምም ለዓመታት በሶኬት አስከፍሏል፤ ከሰርቨሩ አንዲት ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ብትጠበቅ እንኳ ሶኬቱ ሁሉ ይቆጠር ነበር። ለአንድ ቁና ዘር የቀንበሩ ሁሉ ግብር!

ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ ቀላድ። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ከግብሩ በስተጀርባ ቀላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ታየውና አመፀ። አባቶቻችን የጠሉት ክፍያውን ብቻ አልነበረም፤ ቆጣሪ አንዴ ከደጅ ከገባ የሚቆጠር እንደማያጣ ያውቁ ነበር። ስለዚህ በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰርቨር የሚተክል ሁሉ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት «የምትቆጥሩት ምንድን ነው? እህሉን ወይስ በሬውን?» ይበል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣልና። በሬ የማይቆጥር ባኩላ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ግን ሞፈሩን ራሱ የሚጠርብ ባለሙያ ይፈልጋል።

ማጠቃለያ። ይህ ድርሳን በደብተር፣ በፍላሽና ቡሬ አክስቴ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ደራሲው ባለ አንድ ኮር መሆኑ ከጽሑፉ ግልጽ ነው፤ በሕጉ መሠረት ግን ቢያንስ የ4 ሊከፈለው ይገባል።