ዓይን ያወጣ አክሰንት

ካርቱም፣ ጀሪፍ ይኖር የነበረ ሐበሻ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ስፖኪዮው ላይ መቁጠሪያ ይሰቅል ነበር፤ ሽቶውና አሻንጉሊቱ ኋላ ይደርሳሉ። ደባሌ ግን አሮጌ አክሰንት በገዛ ማግስት ካሜራ ካልሰቀልኩ ብሎ ተነሳ። ያውም ከውጭ!

ነገሩ የመጣው ከእንቅልፍ ማጣት ነው። መብራት በሌለበት ሌሊት ጣሪያ ሥር ማን ይተኛል? ግቢ ውስጥ አልጋችንን ዘርግተን ስንጋደም እሱ በስልኩ የሌላ አገር ሰው የነዳውን መንገድ ሲያይ ያነጋ ነበር። ከኮፈን ላይ የተቀረጸ የኖርዌይ ተራራ፣ ከጎማ አጠገብ የተቀረጸ የጃፓን ዝናብ። ሰው አይታይበት፣ ወሬ የለው፣ መንገድ ብቻ። «ባዶ መንገድ ይሄን ያህል ሰው ካየው የኛን ቢያዩማ ጉድ ይላሉ!» አለኝ። የኛ መንገድ ባዶ ሆኖ አያውቅም ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ካሜራዋ ጎፕሮ ናት፤ የካናዳ ፕሮሰሱ አልቆለት ዕቃውን ከሚሸጥ ልጅ በዱቤ የተገዛች። የጎፕሮ ጌታ ኒክ ውድማን ይህን ሐሳብ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሕር ላይ በሰሌዳ ሲንሸራተት ነው ይባላል፤ በ2004 የወጣችው የመጀመሪያዋ ካሜራም እጅ ላይ የምትታሰር ባለፊልም ነበረች። ለውኃ የተፈጠረችውን ነው እንግዲህ አቧራ ልናለማምዳት የተነሳነው።

ማሰሪያው ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ባለማግኔት፣ ሌላው እንደ ጡት መምጠጫ ተጭኖ የሚጣበቅ ጎማ። በማግኔቱ ጀመርን። ሻጩ አክሰንቷን ሲያስረክብ «ወላሂ ጭረት እንኳ የላትም» ብሎ ምሎለታል። ማግኔቱን ኮፈኑ ላይ ስናስጠጋው ጥብቅ አለ። ፓራፋንጎው ላይ ስናስጠጋው ግን ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀ። በሩን ሞከርነው፤ ከላይ ይይዛል፣ ከታች ይለቃል። ማግኔት የሚወደው ብረት ነው፤ ስቱኮ ላይ አይውልም። ከዚያ በኋላ ካሜራው ተረሳ። ደባሌ ማግኔቱን ይዞ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ እየዳበሰ የት የት እንደተጋጨች በኖራ ምልክት ሲያደርግ አመሸ። የቀኝ ጎኗ ከነጭራሹ ኖራ ሆነ። ንዴቱ ሲብስበት ለሻጩ ደወለ።

«ያኺ» አለው ሻጩ በእርጋታ፣ «እኔ ጭረት የላትም ነው ያልኩህ። ጭረቱማ ከስቱኮው ሥር ነው።»

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሁሉ፣ ካሜራ ባይኖራችሁም ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ መጣበቂያው ጎማ ዞርን። ሲጫኑት አየሩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ከውጭ የሚገፋው አየር ነው። በዚህ ሒሳብ ካርቱም አዲስ አበባን ታስከነዳለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ካርቱም 380 ሜትር ገደማ ላይ ስለተኛች የአየሯ ግፊት በሩብ ያህል ይበልጣል። ያው ጎማ እዚህ በሩብ የበለጠ ኃይል ይጣበቃል ማለት ነው። ይህን ስነግረው ደባሌ ካርቱም በአንድ ነገር እንኳ ስለተሻለች ደስ አለው።

ደስታው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ቆየ። ጀሪፍ ያለችው ዓባይ ዳር ነው፤ ምዕራብ ጀሪፍ በካርቱም በኩል፣ ምሥራቅ ጀሪፍ ከማዶ። ዳርቻው የጡብ ምድጃ ሰፈር ነበር። በየክረምቱ ወንዙ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ጠራርጎ ያወርደው የነበረውን ደለል የጀሪፍ ሰዎች በጡብ መልክ ይጠብሱት ነበር። እኛ ጀሪፍ ለመድረስ በመተማ በኩል ስንት ደላላ ስንለማመጥ፣ አፈራችን ያለ ፓስፖርት በየዓመቱ ይገባ ነበር። ገብቶም ሥራ አያጣም፤ ጡብ ሆኖ ፎቅ ላይ ይወጣል። ሥራ ያልያዘው ደግሞ ቦንኖ መጥቶ ከመጣበቂያው ጎማ ሥር ይወሸቃል። አንዲት ቅንጣት ከገባች አየር ይከተላታል፤ አየር ከተከተላት ካሜራዋ አስፋልት ላይ ናት። «የገዛ አገሬ አፈር ነው የጣለኝ!» አለ ደባሌ፣ መስኮቱ ላይ በታሰረችበት ሲባጎ ተንጠልጥላ በሩን የምትደበድበውን ካሜራ እየሰበሰበ።

መስታወቱን በስፒሪት መወልወል ነው ፍቱኑ መድኃኒት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ መጠጥ ሲከለከል በኖረ አገር ሐበሻ የአልኮል ጠርሙስ ይዞ ሲታይ «መስታወት ሊወለውል ነው» ብሎ የሚያስብ ጎረቤት አይገኝም። በሳሙናና በንጹሕ ጨርቅ ተወጣነው።

ሰው ሁሉ ነፋስ ይወስዳታል ብሎ ይፈራል። እኔ ነፋስን አልፈራም። ይህችን የምታህል ካሜራ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትበር ነፋሱ የሚገፋት ሁለት መቶ ግራም በሚያህል ኃይል ነው። ደግሞስ ጀሪፍ ውስጥ ማን መቶ ይገባል? ከፊት ካሮ የሚጎትት አህያ፣ ከግራ ራክሻ የሚሉት ባጃጅ፣ ከቀኝ አምጃድ የሚሉት ትንሽ ሚኒባስ። ካሜራን የሚያወልቀው ጉድጓድ ነው። ከጉድጓድም የሚብስ ፀሐይ አለ፤ የአምራቹ መመሪያ ከ35 ዲግሪ በላይ አታሙቋት ይላል፤ በግንቦት ካርቱም ላይ 35 ዲግሪ የሚገኘው በሌሊት ነው። ዓይኗ ጥፍት ስትል በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለልን እንደ በሽተኛ ጥላ ሥር እናስተኛት ነበር።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ተብሎ የተቀረጸ ነው። ካሜራ ዝቅ ባለና ሌንሱ በሰፋ ቁጥር መንገዱ ይሮጣል፤ ሠላሳ ሰማንያ ይመስላል። ደባሌ በኩራት ጎንደር ላሉት እናቱ ላከው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ ኧረ በማርያም! ማን አባሮህ ነው እንዲህ የምትከንፈው?»

«እማዬ፣ በሠላሳ እኮ ነው የነዳሁት።»

«ሠላሳህን ተወው! በዓይኔ ያየሁትን!»

ድምፁስ? ድምፅ የሚባል የለውም። ከውጭ የታሰረ ካሜራ የሚሰማው ሹው የሚል ነፋስ ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ክሎድ ለሉሽ እ.ኤ.አ. በ1976 መርሴዲስ ፊት ላይ ካሜራ አስሮ፣ ማለዳ ፓሪስን ቀይ መብራት እየጣሰ አቋርጦ ስምንት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም ሲሠራ፣ የመርሴዲሱን ድምፅ አውጥቶ የፌራሪ ድምፅ ነው የተከለበት። ይህን የሰማ ደባሌ አክሰንቷ ላይ የላንድክሩዘር ድምፅ ካልገባ አለ። የኛን መፍትሔ ግን ያገኘነው ከድልድይ መግቢያ ነው።

በፕሬዚዳንት አል በሽር ዘመን የውጭ አገር ሰው ካሜራ ይዞ ለመዞር ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ድልድይ ማንሣትማ የተከለከለ ነበር። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥልጣን ሲወርዱ ልማዱ አብሮ አልወረደም። ወደ ምሥራቅ ጀሪፍ ልንሻገር ስንል አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እጁን አነሳ።

«ዳ ሺኑ፣ ያ ሐበሻ?» ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ደባሌ ካሜራ ነው ለማለት ምላሱ ታሰረ። «መብራት ነው፣ ያ ኡስታዝ።»

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ቀይ የምትበራዋን ነጥብ አፈጠጠባት። «መብራት ከሆነ ለምን ያየኛል?»

ነቅለን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ስንከታት መቅረጿን አላቆመችም ነበር። ምስሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ! የሞተሩ ማጉረምረም፣ የሰውዬው ሳቅ፣ የደባሌ «ገብርኤል ድረስ» አንድ በአንድ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ ምስሉን ከውጭ በካሜራ፣ ድምፁን ከውስጥ በስልክ እየቀረጽን አንድ ላይ እንገጥመው ጀመር።

ያም ሆኖ ባዶ መንገድ አልተገኘም። ሕፃናቱ «ሰዉርና! ሰዉርና!» (አንሡን! አንሡን!) እያሉ ይሮጣሉ፤ የራክሻ ነጂው ሌንሱ ላይ ፀጉሩን ያበጥራል። አንድ ቀን ሻይ የምትሸጥ እህታችን ካሜራዋ ስታያት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ማንቆርቆሪያዋን ጥላ ቆመች፤ ከሻ የመጣ መስሏት ነው። ከሻ ማለት ሻይ ሻጮችን እያፈሰ ዕቃቸውን የሚወስድ አሰሳ ነው። እኛ መሆናችንን ስታውቅ ፍርሃቷ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «ወንድሜ፣ አገር ቤት ያሉት ሱፐርማርኬት እንደምሠራ ነው የሚያውቁት። አንተ በየኢንተርኔቱ ልትዘረግፈኝ ነው?»

ደባሌ ያን ቀን የቀረጸውን እያየችው ደመሰሰው፤ ሻይም ከፍለን ጠጣን። ከዚያ በኋላ ካሜራዋን ወደ መሬት ደፋት። የኖርዌዩ ሰው ካሜራውን አስሮ ቢሄድ የሚያስከፋው ተራራ የለም፤ ጀሪፍ ላይ ግን ከመኪና ውጭ ያለው ሁሉ የሰው ቤት ነው። ስለዚህ የኛ ቪዲዮ በአብዛኛው የራክሻ ቂጥ ነው። ተመልካችም አላገኘም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተጀመረ። የጀሪፍ ሐበሻ ግማሹ በገዳሪፍና በገላባት ወደ መተማ፣ ግማሹ ወደ ሌላ አገር ተበተነ፤ አክሰንቷም እዚያው ቀረች። የካሜራዋ ካርድ ግን ደባሌ ኪስ ውስጥ ነበር። ማንም ዞር ብሎ ያላየው ያ የራክሻ ቪዲዮ አሁን ከየአገሩ ይጠየቅ ጀምሯል። አንዱ የተከራየበትን የብረት በር፣ ሌላው ፉል ይበላበት የነበረውን ሱቅ አሳዩኝ ይላል።

እናንተም ጀሪፍ ሳላችሁ፣ በመኪናም ሆነ በእግር፣ የቀረጻችሁት መንገድ ካለ ስልካችሁ ሞላ ብላችሁ አትደምስሱት፤ ሌላ ቦታ ገልብጡት። የሰው ፊት ያለበትን ግን ባለቤቱን ሳትጠይቁ አደባባይ አታውጡት።