በር ላይ የተፈረመን ፊርማ ስምምነት ለማድረግ የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ፣ ስማ! የሰማህ ፈርም፤ ያልሰማህም አስቀድመህ ፈርም።

አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮችን ያለ ባለድርሻ አካላት ተሳትፎ ማቀድ ነውር ስለሆነ፤ ሰው ሲሳተፍ ደግሞ ስብሰባው ስለሚረዝም፤ የሚከተለው ታውጇል።

1. ተፈጻሚነት
ከደምበጫ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ቡሬ በሚገባው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ እርሻና ከተማ በሚጎራበቱበት ሁሉ ይሠራል።

2. ትርጓሜ
«ባለድርሻ አካል» ማለት የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። «ሕዝብ» ማለት የቀረው ነው።

3. ስለ አቴንዳንስ
1) በር ላይ የፈረመ በፕላኑ ተስማምቷል።
2) ፕላኑን ሳያይ የፈረመ ይበልጥ ተስማምቷል። ሆኖም፦
ሀ) «ለአበል ነው የፈረምኩት» የሚል አበሉ ካልደረሰው ተስማምቷል፤ ከደረሰው አጥብቆ ተስማምቷል።
ለ) እጁን አውጥቶ ዕድል ያልተሰጠው፣ ለድጋፍ እንዳወጣ ይቆጠራል።
ሐ) «ማሳዬ የት ገባ?» ያለ፣ «ገንቢ አስተያየት ሰጥቷል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። አስተያየቱ አይሰፍርም።
መ) ለቅሶ ሄዶ የቀረ በጎረቤቱ ፊርማ ይጠቃለላል።
ሠ) በጣት አሻራ የፈረመ ሽማግሌ ሐሳቡን መቀየር አይችልም፤ አውራ ጣቱ አንድ ነውና።

ፊደል (ሠ) የወጣው ለአባቴ ነው። ቀለሙን ሲያስነኳቸው የማዳበሪያ ምዝገባ መስሏቸው ነበር። ካርታው ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ «አባባ፣ ይቺ መስመር በእርስዎ መሬት ላይ ታልፋለች» ያላቸው አንድ ሰው የለም። ፕላኑን ያወቁት በቆሎው መሐል ችካል ሲተከል ነው። የይዞታ ደብተራቸውን ይዤ ብሄድ አቴንዳንሱን አወጡብኝ። አቴንዳንሱን! ደብተሩን ገልጦ ያየ እንኳ የለም።

ወደ አዋጁ እንመለስ።

4. የቤት ሠሪ ማኅበራት
መሬት እስኪሰጣቸው ብራቸው በዝግ ሂሳብ፣ እነሱ በኪራይ ቤት ይቆያሉ። ለምን አባቴን እንደሚጠሉ ግን ይነገራቸዋል፤ «ገበሬው እንቢ ብሎ ነው» ይባላል።

5. ውኃ፣ መብራት፣ መንገድ
ወደፊት ይታያል።

6. ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች
ኅብረተሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ዜጋ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት የሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43(2)፣ እንዲሁም ፕላን በሕዝብ ተሳትፎና በግልጽነት ይዘጋጅ ያለው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000፣ ከአቴንዳንሱ ጋር እስከተጋጩ ድረስ አይሠሩም።

7. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ካለፈው ስብሰባ ጀምሮ።

ሰብሳቢዎች ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃ። የአባቴ አሻራ ለማዳበሪያ የተሰጠ ነውና ከፕላናችሁ ላይ አንሱት። ስብሰባውን እንደገና ጥሩ፤ ካርታውንም እርሻው ድረስ አምጥታችሁ አሳዩዋቸው።